ጀርባ የሌላቸው ሥዕሎች

ከአውሮፓ የሚመጡት የልብስ ሥዕሎች ጀርባ ማሳየት የጀመሩት ባቡር ወደ ከተማዋ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ባባራበት ሳምንት ነበር። ከዚያ በፊት በስፌት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉት ሴቶች በሙሉ ፊት ብቻ ነበሩ። አንገታቸውን ዘንበል፣ ወገባቸውን ሰበር አድርገው የሚያያቸውን ሰው መልሰው ያያሉ፤ ከኋላቸው ምን እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም።

ማለዳ በጨርቅ ነጋዴው በኩል የደረሰው አዲስ ሉህ አሁን ተጠቅልሎ በቆራጯ የሥራ ቦርሳ ውስጥ፣ በመቀሷና በጠመኔዋ መካከል ተሸጉጧል። ጋሪው መንግሥት ወደ አውሮፓ ወደሚልካቸው መልእክተኛ መኖሪያ የሚወስደውን ዳገት ሲጥ ሲጥ እያለ ይወጣል። ከፊት፣ ከነጂው አጠገብ፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት ተቀምጠዋል። ቆራጯን ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጓት የአባቷ እህት ናቸው፤ በሥራ ቦታ አክስት የሚባል ነገር ስለሌለ ግን እሷም እንደ ሌላው ሰው «እትዬ» ትላቸዋለች። ከኋላ ልብስ ተኳሹ፣ አገር ምድሩ «ባለካውያው» የሚለው፣ አራቱን የልብስ ሳጥኖች በሁለት ክንዱ አቅፎ ተንጠልጥሏል።

«ሳጥኑን ደግፈው!» አሉ እትዬ ሳይዞሩ። «ሐሩ ከታች ነው።»

«ደግፌዋለሁ እትዬ። እኔን የሚደግፈኝ ነው የጠፋው።»

«አንተማ ብትጨማደድ ትተኮሳለህ።»

ነጂው ሳቀ። ቆራጯ አልሳቀችም። ቦርሳዋን በጭኗ ላይ አድርጋ፣ መዝጊያውን በአውራ ጣቷ ተጭና ይዛለች።

ቤታቸው የቆመው በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ነበር። ባቡር ሳይኖር በመርከብና በአጋሰስ ተጭነው፣ አንዳንዴ ዓመት ዘግይተው፣ አንዳንዴም ጠርዛቸውን ውኃ በልቶት ይደርሱ ነበር። እትዬ ሉሁን ለደንበኛ ይዘረጋሉ፤ ደንበኛዋ ጣቷን ከሴቶቹ በአንዷ ላይ ታሳርፋለች፤ ከዚያ ሉሁ ወደ ቆራጯ ጠረጴዛ ይመጣል። እጅጌው ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ኮሌታው በምን እንደቆመ፣ ወገቡ የት ላይ እንደተሰበሰበ እሷ ከሥዕሉ አንብባ ትቆርጣለች። ጀርባው ላይ ስትደርስ ግን የሚነበብ ነገር ያልቃል። ሰው ደግሞ ፊት ብቻ ለብሶ ከቤቱ አይወጣም።

ጀርባ የእሷ የሆነው እንዲህ ነው፤ ማንም አልሾማትም። የመጀመሪያዪቱ ባለጉዳይ በቅሎ ጥሏት ትከሻዋ የጎበጠ የዳኛ ሚስት ነበረች። ቆራጯ ጉብጠቱን ልትሸፍንላት ብላ ከአንገት ሥር ተነሥቶ እስከ ጠርዝ የሚወርድ ሽንሽን ሠራችላት፤ ከላይ የተጨበጠ፣ ከትከሻ አጥንት በታች የተለቀቀ። የዳኛው ሚስት በአንድ ግብዣ ላይ ቀጥ ብላ ታየች። ብዙም ሳይቆይ ትከሻቸው ደኅና የሆነ ሴቶች ሁሉ ያንኑ ሽንሽን እየጠየቁ መጡ። እትዬም «አውሮፓ የሚለበሰው እንዲህ ነው» አሉ። ልዋሽ ብለው አልነበረም፤ ፊቱ ከአውሮፓ ከመጣ ጀርባው ከሌላ ከወዴት ሊመጣ ይችላል?

ባቡሩ የገባ ዕለት ግን አንድ ነገር ታየ። ለአቀባበል ጣቢያው ላይ የተኮለኮሉት ወይዛዝርት የባቡር መንገዱ ፈረንጅ መሐንዲስ ሚስት ከፉርጎው ስትወርድ ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። ከፊት የሚነቀፍ አላገኙባትም። ስትዞር ግን ጀርባዋ እንደ በር ሳንቃ ለጥ ያለ ነበር፤ ሁለት ስፌት፣ ሌላ ምንም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዷ «ምስኪን፣ ጨርቅ አልቆባት ነው» ብላ አንሾካሾከች፤ ሌሎቹም በጓንታቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ቆራጯ ከእነርሱ ጀርባ ቆማ ነበር። አንዲት ሴት አውሮፓን አታህልም ብላ ራሷን አጽናናች፤ ሰው አርጅቶበት የሚለብሰው ልብስ እዚያም አይጠፋም።

በዛሬው ሉህ ላይ ግን እያንዳንዷ ሴት ከጎኗ አነስ ብላ የተሳለች፣ ፊቷን ያዞረች መንታ አላት። የሁሉም ጀርባ ሳንቃ ነው።

«ይተረተራል» ብለው ነበር እትዬ ማለዳ፣ ሉሁን በመስኮቱ ብርሃን አንድ ጊዜ ብቻ አይተው። «አራቱም። ትንሽ ማስተካከያ ቀርቷል እንልና ይዘናቸው እንመለሳለን። ነገ አጠናቀን እናስረክባለን።»

«ለምን ብለው ቢጠይቁንስ?»

«ልብስ ሰፊን ለምን ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ አይተሽ ታውቂያለሽ? መቼ ነው የሚሉት።»

«እስከ ዛሬ ስንሰፋው የኖርነውስ፣ እትዬ?»

«የኖርነው በሥዕሉ ነው። ሥዕሉ ዞሮ ካሳየን እኛም ዞረን እንሰፋለን። ይልቅ ያን ሉህ መሳቢያ ውስጥ ክተቺው፤ የሰው ዓይን እንዳያገኘው።»

ቆራጯ መሳቢያውን ከፍታ ዘጋችው። ሉሁን ግን አልከተተችውም።

አሁን ዳገቱ ላይ ሆና ነገሩን ታገላብጣለች። መልእክተኛውና ባለቤታቸው ከነገ ወዲያ ማለዳ በባቡር ይነሣሉ። ዓመት ሙሉ ይቆያሉ፤ እመቤቲቱ እዚያ ለሚፈራረቁት ለአራቱም ወቅቶች የሚሆን ልብስ ያዘዙት ከዚህ ቤት ብቻ ነው። ልብሶቹ እንዳሉ ከሄዱ ጣቢያው ላይ በመሐንዲሱ ሚስት የሆነው በባዕድ አዳራሽ በእመቤቲቱ ላይ ይደገማል፤ በጓንት አፉን የሚሸፍነው ሌላ ሰው ይሆናል። ዝም ተብሎ ከተተረተሩ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ዘመን ሥራ ውስጥ የእሷ ነው የሚባለው አንድ ነገር «ትንሽ ማስተካከያ» ተብሎ ይጠፋል፤ ከዛሬ ወዲያም ሥዕሉ ሁሉን ነገር ስለሚያሳይ የሚፈጠር ጀርባ አይኖርም። መናገር እንዳለባት ታውቃለች። እርግጠኛ ያልሆነችው የምትናገረው ለእመቤቲቱ ይሁን ለሽንሽኗ ነው።

*

የእመቤቲቱ መልበሻ ክፍል በተከፈቱ ሣንዱቆች ተሞልቶ መራመጃ አልነበረውም። ቆራጯ እንደ ልማዷ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከችና ልብሶቹን ሰው አድርጋ ዘረጋቻቸው። ባርኔጣውን ከራስ፣ ጓንቱን ከግራና ከቀኝ፣ ጫማውን ከግርጌ አስቀምጣ ከሩቅ በጠበበ ዓይን ማየት የእሷ አሠራር ነው። እዚያ ሲደርሱ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ይሆናል፤ ለእሱ፣ ለታላቁ አቀባበል ምሽት፣ የወይን ጠጅ መልክ ያለው ሐር ቀሚስ፣ ከረጅም ነጭ ጓንት ጋር። ለበረዶው ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ካፖርት፣ ኮሌታው ከፋይ፣ ከፀጉራም ቆዳ የተሠራ የእጅ ማሞቂያ ያለው። ለአበባው ወቅት አመድማ ኮትና ጉርድ፣ ከሥሩ ባለ ዳንቴል ሸሚዝ። ለሙቀቱ ነጭ በፍታ፣ የገለባ ባርኔጣና የፀሐይ ጥላ። በባርኔጣው ላይ አበባ ካለ አንገት ላይ ዳንቴል አታበዛም፤ ኮሌታው ከደመቀ ጓንቱ ይደበዝዛል። አንዱን ታነሣለች፣ ሌላውን ትለውጣለች፣ እንደገና ታያለች።

«የተኛችው ከእኔ ይበልጥ ታምራለች» አሉ እመቤቲቱ ከበላይዋ ቆመው። «እሷን ልላክና እኔ እዚሁ ልቅር እንዴ?»

«እሷ ወንበር ላይ መቀመጥ አታውቅም፣ እሜቴ» አለች ቆራጯ።

«የወገብ ማጥበቂያውን ኮርሴት ካጠበቅሽው እኔም አላውቅም።»

ባለካውያው በር ላይ፣ መተላለፊያው ውስጥ፣ ፍሙን በካውያው ሆድ አድርጎ ቆሟል። ወንድ ከዚያ አያልፍም። «እትዬ፣ ካውያው በስሏል!» ይላል በየጊዜው። «እኔም በስያለሁ።»

እመቤቲቱ በመጀመሪያ ካፖርቱን ለበሱ። ረጅሙ መስታወት ፊት ቆመው የእጅ ማሞቂያውን ከፍ ዝቅ አደረጉት። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። «ይህን እንደለበስኩ እዚሁ ካለቅሁ በረዶውን ሳላይ ቀረሁ ማለት ነው» አሉና ሳቁ። ከዚያም ትከሻቸውን ዘወር አድርገው ጀርባቸውን ለማየት ሞከሩ፤ አንገት እስከሚፈቅደው ድረስ ብቻ አዩ።

እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሜቴ፣ ሁሉም ደኅና ነው። አንድ ትንሽ ማስተካከያ ብቻ ይቀረናል። ይዘናቸው ሄደን ነገ እናመጣቸዋለን።»

«የቱ ጋ?»

«ከኋላ።»

«ከኋላ ምኑ ጋ?»

«ይኸው... አወራረዱ ላይ።»

«የየትኛው ልብስ?»

እትዬ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ቆራጯን አዩአት። በዓይናቸው የለመኑት ዝምታ ነበር። ከወንድማቸው ሞት ወዲህ አንድም ነገር ለምነዋት አያውቁም ነበርና ቆራጯ ለአፍታ መሬት መሬት አየች።

«የአራቱም ነው፣ እሜቴ» አለች።

ሉሁን ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለት እጇ ዘርግታ ሰጠቻቸው። እመቤቲቱ ካፖርቱን እንደለበሱ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ትልልቆቹን ሴቶች አለፉና ትንንሾቹ ላይ ቆሙ። ጣታቸውን በአንዷ ጀርባ ላይ ከአንገት እስከ ጠርዝ አሳለፉ፤ የሚያሰናክለው ነገር አልነበረም።

«የመሐንዲሱ ሚስት» አሉ በመጨረሻ።

ጣታቸውን ከሉሁ አነሡ።

«ምስኪን ብያት ነበር። ጣቢያው ላይ።»

«ሰምቼ ነበር፣ እሜቴ።»

«ሰምተሽ ነበር?» ዞረው አዩአት። ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣ የሚከብድ ነገር ነበር። «እሷስ እኛን ምን ብላን ይሆን? ያን ሁሉ ጨርቅ ከኋላችን እየጎተትን ስትመለከተን?»

«ጥፋቱ የቤቱ ነው፣ እሜቴ» አሉ እትዬ ወደ ፊት ቀርበው። «ሥዕሉ ያላሳየንን ከየት እናምጣው? እንደ መሰለን ሠራን።»

«እርስዎን አልወቀስኩም፣ እትዬ። ይቀመጡ፤ ጉልበትዎ አይችልም።» እመቤቲቱ ራሳቸውም ከአንዱ ሣንዱቅ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ የካፖርቱ ሽንሽን ከኋላቸው እንደ ተዘረጋ አውራ ዶሮ ጅራት ተንሰራፋ። «ሽንሽኑን የፈጠረው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ቆራጯ።

እመቤቲቱ ሉሁን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ሲናገሩ ለሁለቱ ሴቶች ይሁን ለራሳቸው አይለይም ነበር።

«እስቲ አስቡት፣ የእኔን ጀርባ እስከ ዛሬ ማን አይቶት ያውቃል? ከእኔ በላይ ካሉት ፊት የምወጣው ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ ነው። የሚያዩት ከእኔ በታች ያሉት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ያዩትን አይነግሩኝም። እዚያ ግን፣ ባለቤቴ እንዳጫወቱኝ፣ እንግዳ የሚያልፈው ግራና ቀኝ በቆመ ሰው መካከል ነው። ካለፍኩ በኋላ ስለ እኔ ምን እንደሚባል አልሰማም። የሚሰማው የእኛ መንግሥት ነው።» ከዚያም ቀና አሉ። «አንቺ ምን ትያለሽ? ይተርተር ወይስ ይቅር?»

ዳገቱን ስትወጣ የተዘጋጀችበት መልስ ነበራት። አፏ ላይ ሲደርስ ግን ያ መልስ የእሷን ጥቅም ይሸታል መሰላት።

«እኔን አይጠይቁኝ፣ እሜቴ። የገዛ እጄ ሥራ ስለሆነ አዳላለሁ።»

«ለየትኛው ታዳያለሽ?»

«እሱንም ባልነግርዎት ይሻላል።»

እትዬ ጣራውን አዩ። እመቤቲቱ ግን በዚህ መልስ ከንፈራቸው ዳር ላይ ትንሽ ፈገግ አሉ።

«ደግ። እንግዲያው አንቺ ልበሺው። የሐሩን። ልበሺውና ከዚህ እስከ መተላለፊያው ጫፍ ሂጂልኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክሜው ስኖር አንድ ቀን እንኳ ሲሄድ አላየሁትም።»

«እሜቴ፣ እኔ እንዲህ ያለ ልብስ...»

«ልክሽ ካልሆነ በስፒል አጥብቂው። ሂጂ።»

ከመጋረጃው ኋላ ሆና የሥራ ልብሷን አወለቀች። እትዬ ከኋላዋ ቁልፎቹን ቆለፉላት። «ምን አለበት መሳቢያው ውስጥ ብትከቺው?» አሉ በጆሮዋ። ቀጥለውም፣ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አድርገው፣ «ሆድሽን ሳቢ፤ ስፌቱ እንዳይለቅ» አሉ።

«ባለካውያው!» ብለው ጮኹ ከዚያ። «ፊትህን ወደ ግድግዳ!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ዞር በል፣ ዓይንህንም ጨፍን!»

«ጨፍኛለሁ። ካውያው ግን ዓይኑን አይጨፍንም፣ እትዬ፤ እሱን ምን ላድርገው?»

ቆራጯ በሩን አልፋ ወጣች። ያን ሽንሽን ስንት ሴት ላይ እንደሰካችው አታውቅም፤ በራሷ ትከሻ ላይ ግን ዛሬ የመጀመሪያዋ ነበር። ክብደት እንዳለው አላወቀችም። ወደ ኋላ ይጎትታል፤ አጥብቆ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ትከሻዋን ይዞ ቀስ በዪ እንደሚላት ያህል። ዕድሜዋን ሙሉ በመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ያጎነበሰ ወገቧ እንቢ ብሎ ጥቂት ታገለ፣ ከዚያ ተቃና። የዳኛው ሚስት ቀጥ ብላ የታየችው ጉብጠቷ ስለተሸፈነ ብቻ ነው ብላ ስታምን ነበር የኖረችው።

ባለካውያው አጠገብ ስትደርስ ሐሩ ሲንሿሿ ሰምቶ «እሜቴ ይለፉ» አለና አንገቱን ሰበረ። ካለፈችው በኋላ ግን አንድ ዓይኑን ከፈተ።

«እህትዓለም? አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ዝም በል፣ ጋሼ።»

«ዝም ብያለሁ። ግን የማን ቤት እመቤት ናት እያልኩ ነበር።»

አልዞረችም። ከኋላዋ፣ በበሩ ላይ፣ ሁለት ሴቶች እንደሚያዩአት ታውቃለች፤ ፊታቸው ምን እንደሚመስል ግን አታውቅም። ቢስቁ ከመሳቃቸው በፊት አፋቸውን ይሸፍናሉ። ቢያደንቁም ዝም ይላሉ። መስኮቱ ድረስ ያለው ርቀት የማያልቅ መሰላት፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ይህን ሁሉ ዘመን ሴቶችን ከኋላ ስታይ ኖራለች፤ ፊቷን ወደ እሷ አዙራ ምን ትያለሽ ብላ የጠየቀቻት ግን አንዲትም አልነበረችም፤ እሷም ለአንዳቸውም ተናግራ አታውቅም። እመቤቲቱን በዚህ ርቀት፣ በማታውቀው ወለል ላይ፣ በማታውቃቸው ሰዎች መካከል አሰበቻቸው። ዳገቱ ላይ ራሷን የጠየቀችው ጥያቄ ያኔ ከልቧ ወደቀ። ተርትሪ ቢሏት ትተረትራለች፤ ተዪ ቢሏትም ትተዋለች፤ በሁለቱም የምታፍርበት ነገር አይኖርም።

መስኮቱ ጋ ደርሳ ዞረች። እመቤቲቱ በሩ ላይ ቆመዋል። ካፖርቱን አውልቀው በክንዳቸው ይዘውታል። እትዬ ከጎናቸው በመሐረባቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር፤ ሲያዩአት ግን «ጢሱ ነው፤ ይሄ ሰውዬ ከሰሉን አላቀጣጠለውም» አሉ።

«እኔ እኮ ፍም ነው የያዝኩት» አለ ባለካውያው ከግድግዳው።

እመቤቲቱ ቆራጯ እስክትቀርብ ጠበቁ። «ሐር የመርፌ ቀዳዳ ይይዛል ይባላል» አሉ።

«ይይዛል፣ እሜቴ። ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ አድርጎ በእንፋሎት ከተኮሱት ግን አብዛኛው ይመለሳል። የቀረውን በስፌቱ መስመር አስገባዋለሁ።»

«እስከ ነገ ይደርሳል?»

«አራቱን አላውቅም። ሱፉና በፍታው አያስቸግሩም። አመድማው ገበር ስላለው ጊዜ ይፈጃል። ሁላችንም ከተቀመጥንበት ግን ይደርሳል።»

«ስትሄጂ ምን እንዳየሁ ልንገርሽ?»

ቆራጯ የሐሩን ጠርዝ ከወለሉ ሰብሰብ አደረገች። «አይንገሩኝ፣ እሜቴ። ለርስዎ ይሁን።»

እመቤቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ክፍሉ ተመለሱ። ምንጣፉ ላይ የተዘረጉትን ልብሶች አንድ በአንድ ዞሩአቸው፤ ካፖርቱንም ከባርኔጣው በታች፣ ከነበረበት ቦታ፣ በራሳቸው እጅ መልሰው አስተኙት። ከዚያ ወደ እትዬ ዞሩ።

«የሐሩ ይተርተር፣ እንደ ሥዕሉ ይሁን» አሉ። «እሱን ለብሼ የምገባው የባለቤቴን ሥራ ይዤ ነው። ሦስቱ የእኔ ናቸው፤ እንዳሉ ይጫኑ።»